ልጄ ሃዋርድም ሜሪላንድም ገባች፤ ዘመድ ግን «የጥቁር ኮሌጅ ምን ያደርግላታል?» ይለኛል

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁሌም አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ምክር ቸግሮኝ ነው።

ትልቋ ልጄ ዘንድሮ ሃይስኩል ትጨርሳለች። ሐኪም መሆን ነው ህልሟ። ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲም፣ ዋሽንግተን ያለው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ሃዋርድም ተቀብለዋታል። ልቧ ያለው ሃዋርድ ነው። የሃዋርድ መልስ የመጣ ቀን ሽንኩርት እያቁላላሁ ነበር። ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። እጄ ስለማይመች እሷው ታነብልኝ ጀመር። ሁለተኛው መስመር ላይ ድምጿ ተቆረጠ። ሽንኩርቱ አረረ፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታችን ሰው ነበር። ወሬው ተነሳ። አንድ ታላቃችን «ሜሪላንድን የመሰለ ትምህርት ቤት እያለ የጥቁር ኮሌጅ? እዚህ አገር ድረስ የመጣነው ለዚህ ነው?» አሉ። ሌሎቹ ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ግን መስማማት ነበር። ልጄ ምግቧን ሳትጨርስ ተነስታ ክፍሏ ገባች። እኔ እናቷ መልስ አልነበረኝም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የማታ ፈረቃ ነርሲንግ ሆም ነው የምሠራው። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ ስትገባ እሷ የመጀመሪያዋ ናት። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ምንድን ናቸው? ገንዘቡስ? ሃዋርድ ትዩሽኑ ብቻ ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ሜሪላንድ ለነዋሪ የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። እስከ ሜይ 1 መወሰን አለብን።

ባልቲሞር ነኝ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡02

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! መጀመሪያ እልል በይ፤ ጭንቀቱ ይደርሳል።

እኔ ባልቲሞር ሞርጋን ስቴት ነው የተመረቅኩት። ሲቪል ኢንጅነር ነኝ። ታሪኩን ባጭሩ ልንገርሽ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። በባርነት ዘመን በብዙ የደቡብ ግዛቶች ጥቁር ሰውን ማንበብና መጻፍ ማስተማር በሕግ ያስቀጣ ነበር። ወደ ሰሜን ጥቂት ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ቼይኒ በ1837፣ ሊንከን በ1854፣ ኦሃዮ ውስጥ ዊልበርፎርስ በ1856። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 አልቆ ባርነት ሲቀር ደግሞ በየቦታው በቀሉ። ፊስክ በ1866፣ ሃዋርድ፣ ሞርሃውስና የኔው ሞርጋን በ1867። ጥቁር ተማሪ የሚቀበል ሌላ ቦታ እንደ ልብ አልነበረማ።

የፌዴራል መንግሥት በ1965 ባወጣው ሕግ ከ1964 በፊት ጥቁር አሜሪካውያንን ለማስተማር የተቋቋሙትን ለይቶ «ታሪካዊ የጥቁር ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች» የሚል ስም ሰጣቸው። ዛሬ መቶ ያህል ናቸው። ከአገሪቱ ኮሌጆች 3 በመቶ ቢሆኑ ነው። ግን በባችለር ከሚመረቁ አሥር ጥቁሮች ቢያንስ አንዱ የነሱ ልጅ ነው።

ለኔ ያደረገልኝን ደግሞ ልንገርሽ። ከአዲስ አበባ ስመጣ 19 ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያው ካልኩለስ ፈተና ላይ ወደቅኩ። ፕሮፌሰሩ ቢሮው ጠራኝ። ኮርሱን ጣለው ሊለኝ ነው ብዬ እየተንቀጠቀጥኩ ሄድኩ። የፈተና ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ስህተቶቼን አንድ በአንድ በጣቱ አሳየኝ። «ሒሳቡን ታውቀዋለህ፤ ያላወቅከው ጥያቄውን ነው» አለኝ። እንግሊዝኛዬ ነበር ችግሩ። ያን ሴሚስተር በየሐሙሱ ከሰዓት ቢሮው ነበርኩ። እየጮህኩ ጥያቄውን አነባለሁ፤ እሱ ያርመኛል። እንደዚያ ያለ ሰው ሌላ ትምህርት ቤት የለም አልልም። እኔ ግን ያገኘሁት እዚያ ነው።

ሐቁ ይነገር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡40

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ደስታሽን ማበላሸት አልፈልግም። ግን የሚከፈለው ገንዘብ ነው፤ ታሪክ አይደለም።

የእህቴ ልጅ ደቡብ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ የጥቁሮች ኮሌጅ ገብቶ ነበር። ስሟን አልጠራም። የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አጠፋበት። ትራንስክሪፕቱን በጊዜ አላገኘም። በሦስተኛው ዓመት አቋርጦ መጣ። ዲግሪ የለውም፣ ሎኑ ግን አለ። እናቱ የፈረመችው ፓረንት ፕላስ የሚባለው የወላጅ ብድር እስከ ዛሬ ከደመወዟ ላይ ይከፈላል።

ይሄ የኛ ቤት ገጠመኝ ብቻ አይደለም። አትላንታ ያለው ሞሪስ ብራውን በ2002 እውቅናውን ተነጠቀ። እውቅና ሲነጠቅ የፌዴራል እርዳታ ይቆማል፤ እርዳታው ሲቆም ተማሪ ይበተናል። ሺዎች ይማሩበት የነበረ ግቢ በጥቂት አሥር ተማሪዎች ቀረ። እውቅናው የተመለሰለት በ2022 ነው። ቨርጂኒያ ያለው ሴይንት ፖልስ ደግሞ በ2013 ጭራሽ ተዘጋ። ሃዋርድም ቢሆን በ2021 መኸር ተማሪዎቹ በዶርሙ ሻጋታ ተማርረው ከአንድ ወር በላይ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተክለው እየተኙ ተቃውመዋል።

ልጅሽ ሐኪም ከሆነች ገና ሜዲካል ስኩል ይጠብቃታል። ያኔ ነው ትልቁ ብድር። ሜሪላንድ ትግባ። ይሄ ጥቁር የሚባለውን መናቅ አይደለም። ሒሳብ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡55

ወንድሞቼ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለታችሁም እውነት ያላችሁ መሰለኝ፤ ጭንቀቴም እሱ ነው። ሥራ ልገባ ነው፤ በእረፍቴ አነባለሁ።

የድሮው ሾፌር | ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 12፡20

ልጄ፣ ያ ታላቃችሁ ለተናገሩት መልስ እኔ ልስጥሽ።

ዲሲ ውስጥ 27 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። አንድ ቀን ጆርጂያ አቬኑ ላይ አንድ ሽማግሌ ጥቁር አሜሪካዊ ተሳፈሩ። ባርኔጣ አድርገዋል፣ ከዘራ ይዘዋል። «ከየት ነህ?» አሉኝ። «ኢትዮጵያ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «አክሱምን አስተምረውኛል» አሉ። በመስታወቱ አየኋቸው። «ማን?» አልኩ። «ፕሮፌሰር ሃንስቤሪ፣ ሃዋርድ» አሉ። ቤታቸው ደርሰን ሒሳባቸውን ከፈሉ። ግን አልወረዱም። ስለ ኩሽ፣ ስለ አክሱም፣ ስለ ዓድዋ ሩብ ሰዓት ሙሉ ነገሩኝ። እኔ ኢትዮጵያዊው የማላውቀውን ነበር የሚነግሩኝ። የዚያን ቀን አፈርኩ። በማግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ማንበብ ጀመርኩ።

ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ ሃዋርድ የገቡት በ1922 ነው። ያኔ የአሜሪካ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች አፍሪካ ታሪክ የላትም ይሉ ነበር። እሳቸው የአፍሪካን የጥንት ሥልጣኔ ኮርስ አድርገው አስተማሩ። በገዛ ትምህርት ቤታቸው እንኳ የተቃወሟቸው ነበሩ። እስከ 1959 አስተማሩ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ በኋላ የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት የሆኑት አዚኪዌ ናቸው። በ1964 ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጣቸው።

ሌላም አለ። ዶክተር መላኩ በያንን ስንቶቻችን እናውቃለን? ንጉሠ ነገሥቱ ለትምህርት ከላኳቸው ወጣቶች አንዱ ናቸው። መጀመሪያ ኦሃዮ ተማሩ። ሕክምናውን ግን ሃዋርድ ገብተው በ1935 ተመረቁ። ዶሮቲ ሃድሊን፣ ጥቁር አሜሪካዊቷን ባለቤታቸውን፣ ያገኟቸውም እዚያው ነው። ከነሃንስቤሪ ጋር ሆነው በ1934 ስለ ኢትዮጵያ የሚያጠና ማኅበር አቋቋሙ። ጣልያን ሲወርረን አገር ቤት ገብተው ከንጉሡ ጎን ሆኑ። ከዚያ ተመልሰው ኒውዮርክ ላይ በ1937 የኢትዮጵያ ወርልድ ፌዴሬሽንን መሠረቱ። ጥቁር አሜሪካዊው ከድህነቱ እየቆጠበ ለኢትዮጵያ እንዲያዋጣ ያደረጉ ሰው ናቸው። አገራቸው ነፃ ስትወጣ ሳያዩ በ1940 አረፉ።

እንግዲህ ለታላቃችሁ እንዲህ በያቸው። የጥቁር ኮሌጅ ለኛ እንግዳ ቤት አይደለም። በክፉ ቀን በራቸውን ከከፈቱልን ቤቶች አንዱ ነው።

አዲስ አበባ ነው ያለሁት | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡05

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን። በዚያው ላይ ልጨምር። በወረራው ጊዜ የአየር ኃይላችን አዛዥ የነበረው ጆን ሮቢንሰን የተስኪጊ ልጅ ነው። አላባማ ያለው፣ ቡከር ቲ ዋሽንግተን በ1881 የከፈተው ትምህርት ቤት። እዚያ የመኪና ሜካኒክነት ተምሮ ወጣ፤ በረራን ቺካጎ ተማረ፤ በ1935 እኛ ጋ መጣ። ከጦርነቱ በኋላም ተመልሶ መጥቶ ኢትዮጵያውያን ፓይለቶችን አሠለጠነ። በ1954 አውሮፕላኑ ተከስክሶ እዚሁ አዲስ አበባ ሞተ፤ የተቀበረውም እዚሁ ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ከኢትዮጵያ በቀጥታ ለሚያመለክትስ ይቀበላሉ?

ባልቲሞር ነኝ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ይቀበላሉ። ግን የፌዴራል እርዳታ ለውጭ ተማሪ የለም፤ ፔል ግራንትም አይደርስህም። ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚሰጠውን ስኮላርሺፕ ነው መፈለግ ያለብህ። ቀድመህ ጻፍላቸው። ሌላ ክር ብትከፍት ብዙ ሰው ያግዝሃል።

ሐቁ ይነገር | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 7፡15

ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ ልብ ይነካል። መላኩ በያንን አላውቃቸውም ነበር፤ ዛሬ አወቅኩ። ጥያቄዬ ግን እንዳለ ነው። ይሄን ያህል ታሪክ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ለምን ይቸገራሉ? የአስተዳደር ጉድለት አይደለም ወይ?

ባልቲሞር ነኝ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡48

ከሥራ አሁን ገባሁ። ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ የእህትህ ልጅ ላይ የደረሰውም ያሳዝናል። የአስተዳደር ጉድለት ያለበት ቦታ አለ፤ አልክድም። ግን የድህነቱ ሥር ሌላ ነው። ትንሽ ታገሰኝ።

በ1890 አንድ ሕግ ወጣ። ፌዴራል መንግሥቱ ለየግዛቱ የእርሻና የምህንድስና ኮሌጅ ገንዘብ ይሰጣል። ግዛቱ ጥቁርን ከነጭ ጋር ካላስተማረ ግን ለጥቁሮች ሌላ ኮሌጅ ማቆም አለበት። ዛሬ በዚያ ሕግ ስር ያሉት 19 ናቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ዋሽንግተን አንድ ብር ሲሰጥ ግዛቱም አንድ ብር ይጨምራል። ለነጮቹ ኮሌጅ ግዛቶቹ ያንኑ አንድ ብር አልፎም ከዚያ በላይ ይጨምራሉ። ለጥቁሮቹ ሲሆን ግን ድርሻቸውን ይቀንሳሉ ወይም ይተዋሉ። ይሄ የድሮ ወሬ እንዳይመስልህ። በ2023 ሁለት የፌዴራል ሚኒስትሮች፣ የትምህርቱና የእርሻው፣ ለ16 ግዛቶች ገዢዎች ደብዳቤ ጻፉ። ከ1987 እስከ 2020 ብቻ ለነዚህ ትምህርት ቤቶች መድረስ የነበረበት ከ12 ቢሊየን ዶላር በላይ ቀርቷል የሚል ነው። የቴነሲ ስቴት ብቻ 2.1 ቢሊየን። በ2.1 ቢሊየን ስንት ዶርም ይታደሳል? ስንት ላብራቶሪ ይገዛል?

እዚሁ ሜሪላንድ ደግሞ ሌላ ዘዴ ነበር። ሞርጋን ኤም ቢ ኤ (የንግድ አስተዳደር ማስተርስ) ነበረው። በ2005 ግዛቱ እዚያው ባልቲሞር አጠገብ ለታውሰንና ለባልቲሞር ዩኒቨርሲቲ በጋራ ሌላ ኤም ቢ ኤ ፈቀደ። ተማሪው ወደዚያ ይሄዳል፤ ሞርጋን ይከሳል። የሜሪላንድ አራቱ የጥቁር ትምህርት ቤቶች ደጋፊዎች ግዛቱን በ2006 ከሰሱ። ክሱ 15 ዓመት ፈጀ። በ2021 ግዛቱ 577 ሚሊየን ዶላር በአሥር ዓመት ለመክፈል ተስማማ። እኔ ተማሪ ሆኜ ይሄ ክስ ገና ፍርድ ቤት ነበር። የላብራቶሪያችን አንድ ማሽን ሲበላሽ ለአንድ ሴሚስተር ቪዲዮ እያየን ነው የተማርነው። ያኔ የትምህርት ቤቱ ስንፍና ይመስለኝ ነበር።

የተጠራቀመ ሀብታቸውን ደግሞ እይ። ሃርቫርድ ከ50 ቢሊየን ዶላር በላይ አለው። መቶ ያህሉ የጥቁር ኮሌጆች ሁሉ ተደምረው አጠገቡ አይደርሱም። ተማሪዎቻቸው ባሮች የነበሩ ወይም በሕግ ቤት እንዳይገዙ የተከለከሉ ሰዎች ልጆች ነበሩ። ለትምህርት ቤቱ ሕንፃ የሚሰጥ ሀብታም ተመራቂ ከየት ይምጣ? ፊስክ እኮ ሊዘጋ ሲል በ1871 ተማሪዎቹ መዝሙር እየዘመሩ ከተማ ለከተማ፣ ከዚያም አውሮፓ ድረስ ዞረው ነው ሕንፃ የሠሩት። ጁብሊ ሆል ዛሬም አለ።

የሕግ ተማሪ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

እህቴ፣ ልጅሽ ከሜሪላንድና ከሃዋርድ መምረጧ እኔን በጣም ነው የገረመኝ። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ተርጉድ ማርሻል የባልቲሞር ልጅ ነው። ሊንከን ተምሮ በ1930 ተመረቀ። ሕግ መማር ፈለገ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት እዚያው ከተማው ውስጥ ነው። ግን ጥቁር አይቀበልም። ስለዚህ ሃዋርድ ገባ። በየቀኑ ከባልቲሞር ዋሽንግተን በባቡር ይመላለስ ነበር። እናቱ የጋብቻ ቀለበቷን አስይዛ ነው ለክፍያው ያገዘችው። በ1933 ከክፍሉ አንደኛ ወጣ።

የሃዋርድን የሕግ ትምህርት ቤት ያኔ የሚመራው ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን ነበር። ትምህርት ቤቱን የዘር መለያየትን በፍርድ ቤት የሚያፈርሱ ጠበቆች ማፍሪያ ያደረገው እሱ ነው። ማርሻልና ሂውስተን መጀመሪያ የከሰሱት ማንን ይመስልሻል? ያንኑ ሜሪላንድን። ዶናልድ መሪ ስለሚባል ጥቁር አመልካች በ1935 ተከራክረው አሸነፉ። ልጁ ገባ፤ ተመረቀም። እነዚያው ሰዎችና ተማሪዎቻቸው ናቸው የትምህርት ቤት መለያየትን እስከሻረው የ1954ቱ የብራውን ፍርድ ድረስ የሄዱት። ማርሻል በ1967 የመጀመሪያው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ።

ስለዚህ ያ ዘመዳችሁ የሚያደንቁት የሜሪላንድ በር ለልጅሽ የተከፈተው በሃዋርድ ልጆች ክርክር ነው። ሜሪላንድ ብትገባም ይሄን አውቃ ትግባ።

ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ሁሉም ጥሩ ነው። እኔን የማይዋጥልኝ አንድ ነገር ነው። መለያየት ክፉ ነው ብለን ለምን በቀለም የተለየ ትምህርት ቤት እናሞግሳለን? ዛሬ እኮ ሁሉም በር ክፍት ነው።

የሕግ ተማሪ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡22

ወንድሜ፣ እነዚህ ትምህርት ቤቶች የተቋቋሙት ነጩን በቀለሙ ለመመለስ አይደለም። ሃዋርድ በ1867 ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የመሥራቾቹ ልጆች የሆኑ ነጭ ሴቶች ነበሩ። ዛሬ ከተማሪዎቻቸው ሩብ ያህሉ ጥቁር አይደሉም። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ያሉት ሁለቱ እንዲያውም ብዙዎቹ ተማሪዎቻቸው ነጮች ናቸው። በ1930ዎቹ ከሂትለር የሸሹ አይሁድ ፕሮፌሰሮች ሌላው ዩኒቨርሲቲ ሲገፋቸው ከ50 በላይ የሚሆኑት ሥራ ያገኙት የጥቁር ኮሌጆች ውስጥ ነው። የከለከለና የተከለከለ አንድ አይደሉም።

የሆስፒታሏ | ረቡዕ፣ ከንጋቱ 11፡40

ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ባቡር ላይ ነኝ። የሕክምናውን ነገር ማንም አላነሳውም፤ እኔ ልናገር።

ሃዋርድ ሆስፒታል ስምንት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። ሆስፒታሉ ሥሩ በ1862 ከባርነት ለወጡ ሰዎች የተከፈተው ፍሪድመንስ ሆስፒታል ነው። በ1910 የአሜሪካ ሜዲካል ስኩሎች ላይ አንድ ትልቅ ሪፖርት ወጣ፤ የፍሌክስነር ሪፖርት ይባላል። ያኔ የጥቁሮች የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሰባት ነበሩ። ሪፖርቱ ሁለቱ ብቻ ይትረፉ አለ። ሃዋርድና ናሽቪል ያለው ሜሃሪ ቀሩ፤ አምስቱ ተዘጉ። ከዚያ በኋላ እስከ 1960ዎቹ ድረስ ከአሜሪካ ጥቁር ሐኪሞች አብዛኞቹን ያፈሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። አስቢው እህቴ። የአንድ ሕዝብ ሐኪም ከሁለት ግቢ ብቻ ሲወጣ።

አንድ ነገር አይቻለሁ፤ አልረሳውም። እንግሊዝኛ የማይሰሙ አንድ አባት ተኝተው ነበር፤ የኛ ሰው። አንዲት የሃዋርድ ሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነበረች፤ ሚሲሲፒ ነው ያደገችው። በሌሊት መጥታ «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» በአማርኛ እንዴት ነው የሚባለው አለችኝ። ነገርኳት። በላቲን ፊደል መዳፏ ላይ ጻፈችው። በማግሥቱ በር ላይ ቆማ ትለማመዳለች፤ «የሚያምዎት» ላይ ምላሷ ይታሰራል። ከዚያ ገባች። አባባ ሲሰሟት ተነስተው ሊቀመጡ ሞከሩ። ሦስት ቀን ሙሉ ለማንም ያልተናገሩትን የሆዳቸውን ሕመም ለሷ አሳዩ።

ሐኪም ትሆናለች ካልሽኝ እንደዚያች ያለች ሐኪም ትሁንልሽ።

ሁለተኛ ትውልድ | ረቡዕ፣ ከሰዓት 6፡30

አማርኛዬ ላይ ስህተት ካለ ይቅርታ። ቨርጂኒያ ነው ተወልጄ ያደግኩት። ፋርማሲስት ነኝ። ኒው ኦርሊንስ ያለው ዛቪየር ነው የተማርኩት። ካቶሊክ የሆነ ብቸኛው የጥቁር ዩኒቨርሲቲ ነው። ትንሽ ነው፤ ግን ጥቁር ተመራቂዎቹን ሜዲካል ስኩል በማስገባት ለብዙ ዓመታት ከአገሪቱ አንደኛ ሆኖ የቆየ ነው። ምሥጢሩ ከባድ አይደለም። ኬሚስትሪ ብቻሽን አትማሪም። ግሩፕ ይሰጡሻል። ያልገባትን የገባት ታስረዳለች። አንዷ ከወደቀች ሁሉም የወደቀ ያህል ነው የሚይዙት።

ሃይስኩል እያለሁ ኤፒ ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ጥቁር እኔ ብቻ ነበርኩ። እጄን ሳወጣ ሁሉም ዞሮ ያየኛል። ስለዚህ እጄን ማውጣት ተውኩ። ዛቪየር የመጀመሪያው ቀን ክፍሉ ውስጥ ገብቼ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ማንም አላየኝም። ለካ እስከዚያ ቀን ትንፋሼን ይዤ ነበር የምማረው።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ልጅ ሆኜ «ጥቁር ነሽ?» ሲሉኝ «ሀበሻ ነኝ» እል ነበር። ቤት ውስጥ የሰማሁት ነው። የዶርም ጓደኛዬ ከአላባማ ናት። አያቷ ሊጠይቋት መጡ። ኢትዮጵያዊት መሆኔን ስነግራቸው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» አሉኝ፤ በቃላቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ የሚሉት ጥቅስ ነው። አልቅሼ ለእናቴ ደወልኩ። ከዚያ በኋላ «ጥቁር ነሽ?» ሲሉኝ መልሴ አንድ ነው።

እህቴ ልጅሽን «ለምን ሃዋርድ?» ብለሽ ጠይቂያት። ደፍራ ትንገርሽ።

ሐቁ ይነገር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሁሉንም አነበብኩ። የሆስፒታሏ የጻፈችውን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሜሪላንድ ትግባ ብዬ እንደ ትእዛዝ መጻፌን እመልሳለሁ። የገንዘቡን ነገር ግን አልለቅም፤ ለልጅቷ ስለማስብ ነው። እንዲህ አድርጉ።

ፋፍሳውን (የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻውን) ሞልታችኋል ብዬ ነው። ፔል ግራንት ሙሉው በዓመት 7,395 ዶላር ነው፤ የሚመለስ አይደለም። የሁለቱንም ትምህርት ቤት ደብዳቤ ጎን ለጎን አስቀምጡ። «እርዳታ» ከሚለው ውስጥ ሎን የሆነውን በእስክሪብቶ አስምሩበት፤ እሱ እርዳታ አይደለም። የቀረውን ከጠቅላላ ወጪው ቀንሱ። ከዚያ ለሃዋርድ የይግባኝ ደብዳቤ ጻፉ። ገቢያችሁ ቀንሶ ከሆነ፣ አገር ቤት የምትረዱት ሰው ካለ፣ በወረቀት አስደግፉ። የሜሪላንድን ቅናሽም አያይዙ። በትህትና፣ በአንድ ገጽ።

ፓረንት ፕላስን በተመለከተ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20 ሺህ፣ በጠቅላላ ከ65 ሺህ ዶላር በላይ መበደር አይቻልም። ብትችሉም አትንኩት። እህቴን እያየሁ ነው የምነግርሽ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡00

ልጄን ጠየቅኳት። «ሁለተኛ ትውልድ» የጻፈችውንም አነበብኩላት፤ ራሷን ብቻ ነቀነቀች። ከዚያ የነገረችኝን እዚህ አልጽፈውም። የሷ ነው። እስከ ዛሬ አለመጠየቄ ግን ቆጨኝ።

ደብዳቤውን ነገ አብረን እንጽፋለን።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9፡15

የሆነውን ልነግራችሁ ተመልሼ መጣሁ።

ግቢውን አየነው። ከቤታችን ጆርጂያ አቬኑን ይዘን ቀጥ ብለን ነው የወረድነው። የሐበሻ ሱቆቹን አልፈን፣ ያንኑ መንገድ ሳንለቅ ሃዋርድ ደረስን። ስንት ዓመት በዚያ አልፌያለሁ፤ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁም። ያ ባለ ሰዓቱ ቤተ መጻሕፍት ጋ ልጄን ፎቶ አነሳኋት። ከግቢው ፊት ለፊት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማና ባለቤታቸው የከፈቱት ሳንኮፋ የመጻሕፍት ቤት አለ። ቡና ጠጣን። አንዲት ተማሪ እንዳስረዳችን የሥነ መለኮት ትምህርት ቤቱ ከደብረ ሊባኖስ ወጥቶ የነበረ የብራና መጽሐፍ እጁ ቢገባ በ2016 ለገዳሙ መልሷል። ይሄን ሲሰማ ባለቤቴ ጽዋውን አስቀመጠ። «የተወሰደውን ስንቱ መለሰልን?» አለ።

ይግባኙ መልስ አገኘ። ጨመሩላት፤ ሁሉንም ግን አልሸፈኑም። በዓመት 6 ሺህ ዶላር ያህል ቀረብን። እሷ ግቢ ውስጥ ልትሠራ ተመዝግባለች። እኔ እቁባችን ውስጥ ጉዳዩን አወራሁ። ዕጣው የኔ አልነበረም። የደረሳት እህት «ለልጅቷ ይሁን፣ የኔ ይቆያል» ብላ ለቀቀችልኝ። ተቀማጩን ኤፕሪል 29 ከፈልን። ፓረንት ፕላስ አልፈረምኩም።

ታላቃችን ጋ ደወልኩ። የመላኩ በያንን ነገር አነበብኩላቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «መቼ ነው የምትገባው?» አሉኝ።

አዲስ ገቢ | ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10፡40

እንኳን ደስ አላችሁ! ልጄ 11ኛ ክፍል ናት፤ እኛም ዲሲ ነን። የግል የሆኑት የጥቁር ኮሌጆች ላይም የዲሲው ታግ (ለዲሲ ነዋሪ ተማሪዎች የሚሰጠው የትዩሽን ድጋፍ) ይሠራል የሚሉት እውነት ነው?

ሐቁ ይነገር | ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10፡58

እውነት ነው። ከዲሲ ውጭ በሌላ ግዛት ያሉትም ጭምር። በየዓመቱ እንደገና ማመልከት ግን አለባችሁ፤ የነዋሪነት ማረጋገጫ ወረቀታችሁን ካሁኑ ሰብስቡ። ሌላ ጥያቄ ካለሽ በግል መልእክት ጻፊልኝ፣ የተጠቀምኩበትን የይግባኝ ደብዳቤ ናሙና እልክልሻለሁ።